“የለም” የማይባልበት መስኮት

እትዬ ካርድ በኮምፒውተር ላይ ጥርስ የነከሱት ገና ከመጀመሪያው መልመጃ ጀምሮ ነው። “ሰላም” ብሎ እንዲጽፍ አዘዙት፤ አልጽፍም አለ። ምክንያቱ ሲጣራ አንዲት የጥቅስ ምልክት ረስተው ኖሯል። ሰው ቢሆን ይገባው ነበር። ይኼ ግን ቀይ መስመር አስምሮ፣ አፍጥጦ ይጠብቃቸዋል።

“ምን እንዳልኩት ገብቶታል እኮ!” አሉ ለእህታቸው ልጅ። “አውቆ ነው የሚያደርቀኝ!”

እውነተኛ ስማቸውን በሚሠሩበት ሆስፒታል ውስጥ የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የካርድ ክፍሉን መስኮት ይዘው ስለተቀመጡ፣ ከጥበቃው እስከ ሐኪሙ ሁሉም እትዬ ካርድ ይላቸዋል። በሽተኛ ቁጥሩን ተናግሮ ሳይጨርስ እጃቸው መደርደሪያው ላይ ነው። አሁን ግን ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው ተባለ። አስተዳደሩ ደግሞ መቼም ሐሳብ አያልቅበትም፤ “በአዲሱ ካርድ ክፍል የሚሠራ ሰው ማሽኑ እንዴት እንደሚያስብ ማወቅ አለበት” ብሎ አሥራ ሁለት የፕሮግራም መልመጃዎች አወጣ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አሥራ ሁለቱን የጨረሰ መስኮቱ ላይ ይቆያል። ያልጨረሰ ምድር ቤት ወርዶ የአንሶላ መጋዘን ይገባል። እትዬ ካርድ በአንሶላ ላይ ቂም የላቸውም። ግን አንሶላ “እንዴት አደርክ” ቢሉት አይመልስም። ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት ይቀራቸዋል፤ አራት ዓመት ከአንሶላ ጋር ተቀምጠው እንደማይዘልቁት ያውቃሉ።

አስተማሪያቸው አብራቸው የምትኖረው የታናሽ እህታቸው ልጅ ናት። ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ትዕግሥቷ ደግሞ ቁርጥ የእናቷ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። በየቀኑ ከሥራ መልስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ትከፍታለች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይጣላሉ።

“ተለዋዋጭ ማለት ስም ያለው ሣጥን ነው፣ እትዬ። ‘ዕድሜ’ የሚል ሣጥን አለን እንበል። አምስት ከተትንበት። ቀጥለን ሰባት ከተትንበት። አሁን ውስጡ ስንት አለ?”

“አምስትና ሰባት።”

“ሰባት ብቻ።”

“አምስቱስ?”

“ጠፋ።”

እትዬ ካርድ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። “ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው? ማን ፈርሞ ወሰደው?”

“ማንም አልወሰደውም! በላዩ ተጻፈበት፣ በቃ!”

በካርድ ክፍል አንድ ካርድ ከቦታው ሲነሳ በምትኩ ቢጫ ወረቀት ይገባል፤ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው ይጻፍበታል። ይኼ ማሽን ግን አምስትን የሚያህል ነገር ሲጠፋ ቢጫ ወረቀት እንኳ አያስቀምጥም። እሱን አምኖ የሰው ካርድ መስጠት እብደት ነው አሉ። ልጅቷ ፀጉሯን ይዛ ወደ ማድቤት ሄደች፤ ውኃ ጠጥታ ተመለሰች።

እንዲህ እየተነጫነጩ ስምንቱ መልመጃዎች አለቁ። “ከሆነ” እና “ካልሆነ” የሚለውንማ ወዲያው ነው የያዙት። ካርድ ክፍል ራሱ በእሱ ነው የሚኖረው፤ ሕፃን ከሆነ ወደ ግራ መደርደሪያ፣ ካልሆነ ወደ ቀኝ። ጉድ የፈላው ዘጠነኛው ላይ ነው።

ዘጠነኛው መልመጃ አጭር ነበር። የካርድ ቁጥሮች ዝርዝር አለ፤ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ይፈለጋል። ከተገኘ “ተገኘ” ይባላል፤ ዝርዝሩ አልቆ ካልተገኘ “የለም” ተብሎ ይቆማል። እትዬ ካርድ ጽፈው አስነሡት። ማሽኑ መልስ አልሰጠም። ማራገቢያው ብቻ እየጮኸ ሄደ፤ የላፕቶፑ ሆድ ጋለ።

ልጅቷ የጻፉትን አየች። “እትዬ! ዝርዝሩ ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ተመለስ ብለውታል እኮ!”

“አዎ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ እንደገና ይፈልጋላ።”

“እስከ መቼ?”

“እስኪያገኝ!”

“ከሌለስ?”

“አለ። ካርድ አይጠፋም፤ ቦታ ነው የሚስተው።”

ይህንን፣ ሥራውን ያስረከቧቸው አሮጊት በመጀመሪያው ቀን ነው ያስተማሯቸው። በዚያ መስኮት “የለም” አይባልም፤ “ይጠብቁ” ነው የሚባለው። ካርዱ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል፣ ራጅ ክፍል ይሆናል፣ ሁለት አኃዝ ተገለባብጦበት ሌላ መደርደሪያ ገብቶ ይሆናል። ታሞ የመጣን ሰው “የለም” ማለት ነውር ነው። እትዬ ካርድ ይህንን ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም፤ ይኮሩበታልም።

“ኮምፒውተሩ እኮ እግር የለውም! ራጅ ክፍል ሄዶ አይጠይቅልዎትም!”

“እንግዲያው ለሥራው አይሆንም!”

“እርስዎ ነዎት የማይሆኑት!”

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች። እትዬ ካርድ ተነሥተው ሰሃን ማጠብ ጀመሩ፤ የታጠበውንም ጭምር አጠቡት። የቀረው ሦስት ቀን ነበር።

በማግስቱ ንዴታቸው ሳይበርድ መስኮቱን ከፈቱ። ወረፋው ላይ ሦስተኛ የነበረች፣ እጇን በሻሽ የጠቀለለች ሴት ቁጥሯን ነገረቻቸው። ቦታው ላይ ካርድ አልነበረም። “ይጠብቁ፣ የኔ እመቤት” አሏትና አግዳሚው ላይ አስቀመጧት። ራጅ ክፍል ወጡ፤ የአራት ሐኪሞች ጠረጴዛ ላይ ፈለጉ፤ ቁጥሩን አገላብጠው ፈለጉ፤ ከምሳ በኋላ ከአንደኛው መደርደሪያ ጀምረው እንደገና ፈለጉ። እልህ ያዛቸው። ለማሽኑም፣ ለልጅቷም፣ ለአስተዳደሩም ሊያሳዩ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ላብ በላብ ሆነው፣ “እስቲ የቀጠሮ ወረቀትሽን ልየው” አሏት። ማኅተሙ የሌላ ሆስፒታል ነው፤ ከዚህ የአሥር ደቂቃ መንገድ።

ሴትየዋ ብትጮኽ ይሻል ነበር። አልጮኸችም።

“ጠዋት የለም ብትሉኝ ኖሮ” አለች፣ “ይኼኔ ታክሜ ቤቴ ነበርኩ።”

እጇን ደግፋ ወጣች።

ቤት ሲደርሱ ልጅቷ ላፕቶፑን ከፍታ፣ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን እያሟሸች ነበር። “ተይው፣ ወንበሩን ሳቢልኝ” አሏት። “ወደ መጀመሪያው ተመለስ” የሚለውን መስመር ሰረዙ። በምትኩ “የለም” የሚለውን በአንድ ጣታቸው፣ ፊደሉን እየፈለጉ ጻፉ። ቀጥሎ “አቁም”። ማሽኑ ወዲያው መለሰ፤ አረንጓዴ ምልክት መጣ። ልጅቷ አጨበጨበች።

“ስንት ሰው ይሆን?” አሉ እትዬ ካርድ።

“የምን ሰው?”

“በከንቱ አግዳሚ ላይ ያስቀመጥኩት። በሃያ ስድስት ዓመት።”

ልጅቷ አሥረኛውን መልመጃ ከፈተችላቸው። የቀሩትን ሦስት መልመጃዎች በሁለት ቀን ጨረሷቸው፤ ያን ያህልም አልተጣሉም። መስኮቱ የእሳቸው ሆኖ ቀረ።

አዲሱ ማሽን ገና ሳይተከል፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሽማግሌ መጥተው ቁጥራቸውን ሰጡ። እትዬ ካርድ መደርደሪያውን አዩ፤ አጡት። ራጅ ክፍል ደወሉ፤ እዚያም አልነበረም። ቁጥሩን አገላብጠው አዩ። ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ተመልሰው መስኮቱ ጋ ቆሙ።

“የለም፣ አባቴ” አሉ። “አዲስ ላውጣልዎት።”

ስድብ ጠበቁ። “አለቃሽን ጥሪልኝ” የሚል ቁጣ ጠበቁ።

“እሺ ልጄ” አሉ ሽማግሌው። “ስሜን ልንገርሽ?”

እትዬ ካርድ እስክሪብቶውን እንዳነሱ ቀሩ። ሃያ ስድስት ዓመት የሸሹት ቃል በአንድ “እሺ” ሲያልቅ ከእግር እስከ ራሳቸው ንድድ አላቸው።

“እሺ ብቻ?” አሉ ሳያስቡት። “በቃ፣ እሺ ብቻ?”

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩአቸው።

“ታዲያ ምን ልበል፣ ልጄ?”