ቀበሌ የመዘገባት የእህት ልጅ

ልጄ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ተከራይታው የነበረውን ቤት ስትለቅ አከራይዋ የመያዣውን ገንዘብ አልመልስም አሏት። ግድግዳው ላይ ሚስማር መትተሽበታል ነው ምክንያቱ። ደውላ ስታማርርልኝ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፣ እሷም ተቀየመች። በእሷ አልነበረም የሳቅሁት። እኔም በእሷ ዕድሜ፣ እዚያው ጅማ፣ መያዣዬን ለማስመለስ ፍርድ ሸንጎ ድረስ ሄጃለሁ። ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም ሆነን “ኪራይ” የምትባለውን ቃል መናገር የማንችልበት ክስ ነበር።

የደርግ ጊዜ ነው። ትርፍ ቤት ተወርሷል፣ የሚኖሩበትን ቤት ከፍሎ ማከራየትም ክልክል ነው። ቤት የሚፈልግ ሰው ቀበሌን ይጠብቃል፤ ቀበሌ ደግሞ የሚሰጠው ቤት የለውም። እኔ ከሆሳዕና መጥቼ አንድ የቡና መሥሪያ ቤት ውስጥ በታይፒስትነት ተቀጥሬ ነበር። ሰው በሰው ተብሎ አዴ ዘይነባ ጋ ወሰዱኝ። “አዴ” ጅማ ላይ እንደ እትዬ ማለት ነው። አዴ ዘይነባ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጅማ መርካቶ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ ሄርማታ ሰፈር ከመስጊዱ ጀርባ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ከጓሯቸው ያለችውን አንድ ክፍል አሳዩኝ። መስኮቷ ሥር ዘይቱና በቅሏል፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ፍሬውን እያረገፈ ክፍሉ ሁሉ ዘይቱና ዘይቱና ይሸት ነበር።

ቅድሚያ ክፈይ አሉኝ። ገና ደመወዝ አልተቀበልኩም፤ በእጄ ምንም የለም። የጆሮዬን የወርቅ ጉትቻ አውልቄ ሰጠኋቸው። እናቴ ከሆሳዕና ስትሸኘኝ አውቶቡሱ ሥር ቆማ ከራሷ ጆሮ ፈትታ ያሰረችልኝ ነው። “መያዣ ይሁንልኝ” አልኩ። እሳቸውም “በይ ቀብዱን ተቀብያለሁ፣ ዓመት ትቀመጪያለሽ” አሉኝ። እኔ መያዣ ያልኩት ስወጣ የሚመለስልኝን ነው። ለገበያ ሰው ግን ቀብድ ማለት ሌላ ነው፤ ውሉን ያፈረሰ ቀብዱ ይበላበታል። ሁለታችንም የየራሳችንን ቃል ይዘን በሰላም ገባን።

ለቀበሌ ምን ይባል? የእህቴ ልጅ ናት አሉ። የእሳቸው ስም ዘይነባ፣ የእኔ አስቴር። እሳቸው በቀን አምስቴ የሚሰግዱ፣ እኔ የወንጌል አማኝ። መዝጋቢው ቀና ብሎ እህትዎ የት ናቸው ቢላቸው፣ ሆሳዕና ተድራ ቀረች፣ ከዚያ ወዲያ ምን ላድርጋት ብለው ተከዙ። እኔ ራሴ ላምን ምንም አልቀረኝም። ስኳርና ሳሙና በቤተሰብ ቁጥር ይታደል ስለነበር በእኔም ስም ስኳር ይመጣ ጀመር።

ሰው ባለበት “አክስቴ” እላቸዋለሁ። እየቆየ ሰው በሌለበትም አፌ ለመደው። ጁምዓ ጠዋት ጨጨብሳ በሰሃን ሸፍነው ደጃፌ ላይ ያስቀምጡልኛል። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ስለነበር እሁድ እሁድ ብቻዬን ዝቅ አድርጌ እዘምር ነበር። ያን ጊዜ አዴ ዘይነባ ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

ዓመቱ ሳይሞላ አጋሮ የሚያስተምር አንድ መምህር ለትዳር ጠየቀኝ። ሰርጉ የቡና ለቀማው ካለቀ በኋላ ጥር ላይ እንዲሆን ተቆረጠ፤ እኔም ወደ አጋሮ ቅርንጫፍ ዝውውር አገኘሁ። ለአዴ ዘይነባ ስነግራቸው መረቁኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። ጉትቻዬንስ ስላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

“ቀብድ ይመለሳል እንዴ?”

መያዣ ነው አልኩ፣ ቀብድ ነው አሉ። ደሜ ፈላ። እናቴ ለሰርጉ ትመጣለች፤ መጀመሪያ የምታየው ጆሮዬን ነው። ያን ወርቅ ቤት ኪራይ በላው ብዬ እንዴት ልንገራት? ከራሷ ጆሮ ነቅላ የሰጠችኝን? በዚያው ንዴቴ ነጠላዬን አጣፍቼ ቀበሌ ሄድኩና ከሰስኳቸው።

የሸንጎው ሰብሳቢ ጓድ ከማል ይባላል። መርካቶ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሁላችንንም ያውቀናል። አክስትሽ ጉትቻሽን በምን ምክንያት ወሰዱ ሲለኝ “ኪራይ” ልል ብዬ ቃሏን ዋጥኳት። ኪራይ ካልኩ ቤታቸው ሊወረስ ነው፤ እኔም በማይገባኝ ስኳር ልጠየቅ ነው። መያዣም ቀብድም የማይሆን ቃል ፈልጌ፣ አደራ ሰጥቻቸው ነው አልኩ። ከማል እስኪርቢቶውን አስቀምጦ ለሳምንት ቀጠረን።

በቀጠሮው ቀን አዴ ዘይነባ ንጹሕ ሻሻቸውን አስረው መጡ። ወደ እኔ አልዞሩም። ከማል ከግራና ቀኝ ከተቀመጡት ሁለት ዳኞች ጋር ተንሾካሾከና በትሕትና ጠየቃቸው።

“አዴ ዘይነባ፣ የእህትዎ ልጅ ልትዳር ነው። ደስ ሊልዎት ሲገባ አደራዋን ለምን ያዙባት? ምን ጎደለብዎት?”

“ሰው ጎደለብኝ” አሉ። “ወላሂ፣ አሁን ሌላ የእህት ልጅ ከየት ላምጣ? ስንት እህት አለሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?”

አንዱ ዳኛ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ ግን ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ስወጣ ክፍሏ ባዶ ትቀራለች፤ ሌላ ሰው ቢያስገቡ ቀበሌው ይቺ ደግሞ ማን ናት ማለቱ አይቀርም። በበርበሬ ንግድ ብቻ እንደማይኖሩ እያወቅሁ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም። ቀብድ ያሉት ነገር ስስት ሳይሆን ፍርሃት ነበር።

ከማል ፍርዱን ቆሞ ሰጠ። “የእህት ልጅ ስትዳር አክስት ናት የምታስጌጣት። ጉትቻው እርስዎ ጋ ይቆይና በሰርጓ ቀን በእጅዎ ያስሩላታል። አንቺ አስቴር ደግሞ አክስትሽን ብቻቸውን ጥለሽ አትሄጂም፤ ታናሽ እህትሽን አምጪላቸው።”

ታናሽ እህት የለኝም ልል ስል በዓይኑ ቆጣ አለኝ። በሳምንቱ መሥሪያ ቤታችን ቤት አጥታ የምትንከራተተውን ጽጌን ይዤ ሄድኩ። ጽጌ የቦንጋ ልጅ ናት። ቀበሌ ግን እሷንም ከሆሳዕና የመጣች የእህት ልጅ ብሎ መዘገባት፣ ስኳሩም ሳይቋረጥ ቀጠለ።

ፍርዱ ለሁሉም የሚበጅ ቢመስልም እኔ አጋሮ የገባሁት ባዶ ጆሮዬን ይዤ ነው። አዴ ዘይነባ ቢቀሩስ? ማንን እከስሳለሁ? እናቴ በሰርጉ ዋዜማ አጋሮ ያረፍኩበት ቤት ደረሰች። አቅፋ ሳመችኝና እጇን ጆሮዬ ላይ አሳረፈች።

“የት አሉ?”

“አክስቴ ጋ።”

እናቴ ለወላጆቿ አንድ ናት። የቷ አክስትሽ ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እያለቀስኩ ነበር የማወራው። ቁጣዋን ስጠብቅ፣ “እስላም ናቸው?” ብቻ አለችኝ። አዎ አልኳት። ተነሥታ ወጣች። ለሰርጉ ከተገዙት በጎች አንዱን አስለይታ፣ ጎረቤት ያሉትን ሙስሊም አባወራ ጠርታ አሳረደች፤ ድስቱንም ለብቻው አስጣደች። ይመጣሉ ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም።

በማግሥቱ የጅማው አውቶቡስ ዘገየ። ሙሽራው ሊገባ ሲል አዴ ዘይነባ አቧራ ለብሰው ደረሱ። በቀጥታ ወደ እናቴ ሄደው ቆሙ።

“እህትሽ ነኝ” አሏት። “ቀበሌ ያውቀናል።”

“እህት አልነበረኝም” አለች እናቴ። “እንኳን መጣሽልኝ።”

ጉትቻውን ከሻሻቸው ጫፍ ፈተው አወጡ። የጆሮዬ ቀዳዳ ሊደፈን ደርሶ ስለነበር ሲያስገቡት አመመኝ፣ እንባዬም ወረደ። “ቻዪው፣ ኢንታላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሰርገኛው የሙሽራ ለቅሶ መስሎት እልል አለ።

ከዚያ በኋላ እናቴና አዴ ዘይነባ ራሳቸው ተያያዙት። ከሆሳዕና ቅቤና ቡላ ይመጣል፣ ከጅማ ቡናና በርበሬ ይሄዳል፣ እኔ መሀል ላይ አቀባይ ሆንኩ። ደርግ ወድቆ፣ ክፍል ማከራየት ወንጀል መሆኑ ከቀረ ከዓመታት በኋላ እናቴ አረፈች። አዴ ዘይነባ በምርኩዝ ሆሳዕና ድረስ መጡ። ለቀስተኛው መሀል አልፈው፣ ለእህት በሚተወው ቦታ፣ ከአስከሬኑ ራስጌ ተቀመጡ። ከዘመዶቻችን አንድም ሰው ማን ናቸው ብሎ አልጠየቀም።

ያ ዘመን ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም። ሰው የገዛ ክፍሉን ለማከራየት እህት መፍጠር አይገባውም ነበር፤ ውልና ፊርማ መኖሩ በጎ ነው። ለልጄም ይህንኑ ነግሬ፣ ውልሽን ይዘሽ አከራይሽን በእርጋታ አናግሪያቸው፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ አልኳት። ታሪኩን እስክጨርስ ሰማችኝ።

“እማ፣ እኔና አከራዬ እኮ ቁጭ ብለን አናውቅም። ስሜንም የሚያውቁት አይመስለኝም” አለችኝ።

“ውሉ ላይ የለም እንዴ?”

“ውሉ ላይማ አለ።”