ግማሹ የተቆረጠው የጧፍ ትምህርት

ጋሽ አምሃ ባለፈው ማክሰኞ ቦሌ ቡልቡላ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ጎረቤቶቼ፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ «ለመሆኑ ሃይማኖታቸው ምን ነበር?» ብላችሁ ስታንሾካሽኩ ሰምቻለሁ። ክርስቲያን ነበሩ። ክርስቲያን ሆነው ኖሩ፣ ክርስቲያን ሆነው ሞቱ። ያልተዋጠለት ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብ።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ሳሉ ለሥልጠና ባንኮክ ይመላለሱ ነበር፤ እዚያም ከቡድሃ መነኮሳት ጋር መጨዋወት ለመዱ። ጡረታ ሲወጡ ቅዳሜ ቅዳሜ በኮንዶሚኒየማችን አዳራሽ ለመጣው ሁሉ ማስተማር ጀመሩ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ሁለት ነገር ያመሳሰለ ሰው የማይመሳሰሉበትን ሳይናገር አይቀመጥም። «የሚጎድልበትን ካላሳየኸኝ ምሳሌህን አልቀበልም» ይሉ ነበር። እኔንማ ስንቴ አቁመውኛል!

አንድ ቅዳሜ ሁለት ጧፍ ይዘው መጡ። አንዱን ከሌላው ለኮሱና፣ ቡድሂስቶች ከሕይወት ወደ ሕይወት መሻገርን በዚህ እንደሚመስሉት፣ እኛም በትንሣኤ ብርሃኑን እንዲሁ እንደምንቀባበል አስረዱን። በስልኬ እየቀረጽኩ ነበር። እዚያ ላይ ቆርጬ በኢንተርኔት ለቀቅሁት፤ ያማረው እሱ ነዋ! ሳምንት ሳይሞላ «ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው ይላል» ተባሉ፤ የአዳራሹንም ቁልፍ ተቀሙ። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አስተማሩን።

የቆረጥኩት ይኸው፦ «በቡድሂስቶቹ ዘንድ ከጧፍ ወደ ጧፍ የሚሻገር ‹እኔ› የሚባል የለም፤ የምኞት እሳቱ ሲበርድ ዕረፍት ነው። እኛ ግን በየስማችን ተጠርተን እንነሣለን። ልዩነቱን ተናገሩ፤ ሰዎቹን ግን አታንቋሽሹ።»

ጥፋቴን ልናዘዝ ስሄድ የአንዲት ጎረቤት ቧንቧ ተንበርክከው ሲጠግኑ አገኘኋቸው፤ ሴትዮዋ «ከሃዲ» እያለች ስታማቸው የከረመች ናት። ሰሙኝና «ጣፋጩን ግማሽ መረጥክ፤ አስቸጋሪውንም መናገር ተማር» ብለው መፍቻውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ። አቀበልኩ፤ መናገሩን ግን ፈራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ፤ እስከዛሬም ያሳፍረኛል።

ጋሽ አምሃ፣ ዛሬ ተናገርኩ፤ የፈለገ ይቆጣ። ስምዎ እስኪጠራ ድረስ ደህና ይረፉ። ከእርስዎ የተለኮስኩ ጧፍ ነኝ ልል ነበር፤ የሚጎድልበትን ግን አውቃለሁ። ጧፍ የለኮሰውን ጧፍ መልሶ አያጠፋም፤ እኔ ግን እፍ ብዬብዎት ነበር። አልጠፉም።