በለመደው ገጽ የሚገለጥ ዳዊት

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ጓዳችን፣ አሥራ አንድ ሰው፣ ከራሰ በራው ኮረብታ ወርዶ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ፊት ለፊት በሁለት ጫፎች መካከል ያለውን የድንጋይ ኮርቻ እንዲይዝ። ኮረብታውን ራሰ በራ ብለን የሰየምነው እኛ ነን፤ ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው። አንድ ቁጥቋጦ እንኳ አልበቀለበትም። ያኔ እኔ በኮረብታው እስቅ ነበር። ዛሬ መስታወት ፊት ስቆም እሱ ይስቅብኛል።

ቦታው ሰሜን ግንባር ነው። ዓመቱና ዘመቻው ይቅሩ። ሽማግሌ ዘመን መጥራት ሲጀምር ጀግንነትም አብሮ ይጨምራል፤ እኔ ደግሞ ራሴን አላምነውም። የምነግራችሁ ስለ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ባለፈው መጥታችሁ «አባባ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ እንዴት ይታወቃል?» ስትሉኝ ሳል ያዘኝ ብዬ ያመለጥኋችሁ በዚሁ ምክንያት ነው። ሳሉ ውሸት ነበር።

ወደ ኮርቻው የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው በጋራው ጫፍ ይሄዳል፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ግን የሻምበሉ መትረየስ ከላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው በሸለቆው ውስጥ ያልፋል። አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ ጥላ አለው፣ ግን ከላይ ማንም አያየውም። የጓድ መሪያችን አሥር አለቃ ተካ፣ የደጀን ከተማ ሰው፣ በሬዲዮ ጠየቀ። «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ መጣለት። ይህ በጦር ሜዳ ቋንቋ «ብትሞቱ እኔ አላልሁም» ማለት ነው።

ተካ አንዱን መንገድ አየ፣ ሌላውን አየ፣ መሬቱን አየ። ባልደረቦቼ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔታ ይግለጥልን!»

የኔታ የተባልሁት እኔ ነኝ። ብትስቁ አልፈርድባችሁም። ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ካለ ቅኔ ቤት የወጣሁት ተመርቄ ሳይሆን ተባርሬ ነው። ሆኖም ዳዊት እደግም ነበር፤ የመጽሐፉ የቆዳ ማኅደርም ከደረቴ አይለይም። በአገራችን ሰው ሲጨንቀው አቡነ ዘበሰማያት ይደግምና ዐይኑን ጨፍኖ ዳዊቱን በአውራ ጣቱ ይገልጣል። የወጣው መዝሙር የእግዚአብሔር መልስ ነው ይባላል። መምህሬ አንድ ቀን ይህን ሳደርግ አግኝተው ገርፈውኛል። «መጽሐፉ ለጸሎት ነው፤ ጠንቋይ አታድርገው» ብለው። ግርፊያውን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ምክሩን ግን ያን ቀን ረሳሁት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የታደለኝ ጫማ ከእግሬ በአንድ ቁጥር ያንስ ነበር፤ ተረከዜ ተልጦ ሥጋው ወጥቷል። ሦስት ሰዓት በጋራ ላይ መሄድ አልፈልግም።

«ደንብ እናብጅ» አልሁ ቄስ ቄስ በሚሸት ድምፅ። «‹በልዑል መጠጊያ የሚኖር› የሚለው የጥበቃው መዝሙር ከወጣ በሸለቆው፣ ሌላ ማናቸውም ከወጣ በጋራው።»

ከመቶ ሃምሳው መዝሙር አንዱን ብቻ ለሸለቆው ሰጠሁ። ከዚህ ወዲያ ፍትሕ አለ? ተካ እንኳ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ያላወቁት ግን ይህን ነው። እኔ ፈሪ ነበርሁ፤ ስለምፈራም ያንኑ የጥበቃ መዝሙር ለወራት በየጠዋቱ ደግሜዋለሁ። የመጽሐፉ ጀርባ እዚያ ገጽ ላይ ተሰብሯል። ከማኅደሩ ሲወጣ፣ በሬ ወደ በረቱ እንደሚገባ፣ ማንም ሳይነዳው እዚያ ላይ ይከፈታል።

ሁሴን፣ የወሎ ልጅ፣ ጥይቱን እየቆጠረ «እኔን አትጨምሩኝ፤ የእኔ መጽሐፍ ሌላ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ግን የኔታ፣ ጥላውን ብታወጣልኝ ቅር አይለኝም» ሲል ሁላችንም ሳቅን።

ዐይኔን ጨፈንሁ። ገለጥሁ። የጥበቃው መዝሙር ወጣ። መትረየስ ተኳሻችን አበራ አማተበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ያላማተበ ደመላሽ ብቻ ነበር። የመርጡለ ማርያም ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር በአንድ ምሽግ ያድራል፣ ጠዋት ጠዋት ስደግም ተኝቶ ይሰማል።

«የኔታ» አለኝ ዝቅ ብሎ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ደግመህ ግለጠው።»

«እግዚአብሔር ሁለት ጊዜ አይጠየቅም!» ብዬ ተቆጣሁ። ይህን ሕግ ያወጣሁት እዚያው በቆምሁበት ነው።

ፊቴን አየ። ተረከዜን አየ። እንደገና ፊቴን አየ።

«እሺ» አለ። «የፊት ተራው ያንተ ነበር፤ እኔ እቀድማለሁ። በዚህ እግርህ ከድንጋይ ድንጋይ አትዘልም።»

እኔም እሺ አልሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸለቆው ውስጥ ገባን። አምስት አምስት እርምጃ ተራርቀን ሄድን። ጥላው ደስ ይል ነበር። የወፍ ድምፅ አይሰማም። አለመሰማቱን አስተዋልሁ፤ ዝም አልሁ፤ መጽሐፉ ተናግሯላ! ዘጠኝ ተኩል ላይ ፈንጂ ፈነዳ። ደመላሽ ነበር። ወዲያው ከቀኝ ተኩስ ተከፈተ። ተኛን። አበራ መትረየሱን ተከለ፤ አንድ ሰንሰለት ጥይት ጨረሰ፤ ሁለተኛውን አልጨረሰም። ሁሴን ሊጎትተው ሄደ። አልተመለሰም። ተካ «ወደ ኋላ! በየተራ!» እያለ ይጮሃል፤ ክንዱ ይደማል። እኔ ሮጥሁ። ያ መራመድ ያቃተው ተረከዝ እንዴት እንደሮጠ ብታዩ የቁስለኛ ነው አትሉትም ነበር።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ወጣን። አሥራ አንድ ገብተን ስምንት። በማግስቱ ሌላ ጓድ በጋራው ጫፍ ሄዶ ኮርቻውን ያዘ። አንድም ሰው አልቆሰለበት።

ተካ ክንዱ ሲታሰርለት «ፈቃዱ ነው፤ ምን ይደረጋል» አለኝ። ቃሉን ከአፉ ተቀብዬ ተከናነብሁት። ይሞቅ ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ መርጡለ ማርያም ሄጄ የደመላሽን ታናሽ እህት አንጓችን አገኘኋት። «ዳዊት ገልጠን፣ በወጣው መንገድ ሄደን ነው፤ ፈቃዱ ሆነ» አልኋት። አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለወንድሟ መታሰቢያ ትጠራኛለች። እኔም ጠላዋን እጠጣለሁ፣ ስለ ፈቃዱ አወራለሁ።

ባለፈው መኸር ስሄድ ለብቻችን አስቀመጠችኝና ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ፈታች። እንቅርቷ ብርቱካን አክሏል።

«አያ ቢምረው፣ ሐኪሙ ‹መተንፈሻሽን እየተጫነው ነው፣ ደብረ ማርቆስ ገብተሽ በቶሎ ይውጣልሽ› ብሎኛል። ልጆቼም ሂጂ ይሉኛል። እኔ ግን ቢላዋ ፈራሁ። ለወንድሜ የገለጥህለትን ዳዊት ለእኔም ግለጥልኝ። ሂጂ ካለ እሄዳለሁ፤ ተቀመጪ ካለም እዚሁ ቤቴ እሞታለሁ።»

ዳዊቱ ደረቴ ላይ ነበር። መቼም ብልጦች ናችሁና «ታዲያ ምን ቸገረህ? የጥበቃው መዝሙር ይወጣል፣ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ ትድናለች» ትሉኛላችሁ። እኔም ያንኑ አስቤ ነበር። ለበጎ ነው አልሁ። እጄ ማኅደሩን መፍታት ጀመረ።

ራሴን የጠረጠርሁት ይህን ጊዜ ነው። ይህን የልቤን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሸለቆው ጥላ አለው ያለኝ እሱ ነው። ዛሬም የሚያሳየኝ አጭሩን መንገድ ነው።

ነገርኋት። ጫማውን፣ ተረከዙን፣ ገጹን። ዳዊቱን አውጥቼ ጭኗ ላይ አኖርሁት። እጄን ሳነሣ ራሱ ተከፈተ። ማንበብ አትችልም፤ ግን በጣት ብዛት የወዛውን ገጽ አየች። ዘጋችው፣ ለቀቀችው፤ እዚያው ላይ ተከፈተ። ደግማ ዘጋችው፤ ደግሞ ተከፈተ።

«ደመላሽ ያውቅ ነበር?»

«ይመስለኛል። ስደግም ይሰማኝ ነበር።»

«እያወቀ ነው ፊት የሆነ?»

«ለእኔ ተረከዝ ብሎ።»

ከደጅ አውድማው ላይ የሚዞሩት በሬዎች ኮቴ ይሰማል።

«እኔ እኮ የተቀየምሁት እግዚአብሔርን ነበር» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት። ለአንተ ጠላ እየቀዳሁ እሱን ተቀየምሁ።»

 

መጽሐፉን ማኅደሩ ውስጥ ከትታ መለሰችልኝ። «ነገ በመጀመሪያው መኪና ደብረ ማርቆስ ትወስደኛለህ» አለች። «ተረከዝህ ካልቆሰለ።»

ወሰድኋት። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ስትገባ ከአልጋው ላይ ቀና ብላ «ያን መጽሐፍ እንዳትገልጥብኝ!» አለችኝ። አልገለጥሁም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እንዲህ ያለ ረጅም ጥበቃ በግንባርም አልጠበቅሁ። እንቅርቱ ወጣላት፤ ዳነች። እሷ ፈቃዱ ነው ትላለች። እኔ እዚህም ላይ እጠራጠራለሁ። ብትሞት ኖሮስ? መዳኗን አይቼ «ትክክል ነበርሁ» ብል ያው ገጽ መግለጥ ነው። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን እውነቱን ነገርኋት፣ መርጣም ሄደች።

ስለ ጠየቃችሁኝ ጥያቄ ያለኝ መልስ የዘበኛ መልስ ነው። ቃፊር ላይ የቆመ ወታደር የሚመጣውን ሁሉ «ቁም! ማን ነህ?» ይላል። ወዳጅም ቢሆን ያቆመዋል። እኔም የእግዚአብሔር ድምፅ ነኝ እያለ ወደ ልቤ የሚመጣውን እንዲሁ አቆመዋለሁ። ለማን ነው የምትመቸው? ዋጋህንስ የሚከፍለው ማን ነው? እላለሁ። መልሱ ‹የምመቸው ለአንተ፣ የሚከፍለው ሌላ ሰው› ከሆነ አላሳልፈውም። አንዳንዴ እውነተኛውንም አቁሜው ይሆናል። ግን እሱ ታጋሽ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢጠይቁት አይከፋውም። ሲያቆሙት የሚቆጣው የራሴ ድምፅ ነው።

ዳዊት ለሰባቱ ቀን ተከፍሏል። ዛሬ የምደግመው የዕለቱን ነው፤ ደስ ቢለኝም ባይለኝም ተራ የደረሰውን። መጽሐፉ አሁንም ወደ ለመደው ገጽ ይሄዳል፤ እኔ በጣቴ እመልሰዋለሁ።

በዚያ ሸለቆ የቀሩት ሦስት ናቸው። ደመላሽ ከመርጡለ ማርያም። አበራ ከሉማሜ። ሁሴን ከወሎ፣ መጽሐፉ ሌላ የነበረው፣ በእኔ መጽሐፍ የሞተው። ከወዲያ በኩል ስንት እንደወደቀ አልቆጠርንም፤ ለእነሱም የሚያለቅስ እህት አይጠፋም።

ዘንድሮም አንጓች ለመታሰቢያው ጠራችኝ። ለሰው ሁሉ ጠላ ቀዳች። ለእኔ ውኃ ሰጠችኝ። ተቀብዬ ጠጣሁ።