ያጠብኳቸው ዛጎሎች

ባሌ የሞተ ጊዜ አላለቀስኩም። ጅጅጋ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል፤ ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ "ምነው እንዲህ ዝም አለች?" ሲባባሉ እሰማቸው ነበር። ምን ልበል? ኮሮናው ጋብ ባለ ጊዜ ስለነበር ብዙ ሰው በሽታውን ጠረጠረ፤ አይደለም፣ ኩላሊቱ ነው። በሦስት ሳምንት አለቀ። እኔ የማስበው የእድሩ ወንበሮች መቼ እንደሚመለሱ ነበር።

እሱ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ የጂኦሎጂ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ መጣና በዚያው ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቱሊ ጉሌድ ይሄድና ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ገደል ስር ተንበርክኮ ውሎ ሹራቡ ነጭ አፈር ሆኖ ይመለሳል። የሚያመጣው ድንጋይ የሆነ ዛጎል ነው። ይሄ አገር ባሕር ነበር አለኝ። እኛ ውሃ በጀሪካን እየቀዳን! ስቄበታለሁ።

አንድ ቀን ግን አስቀምጦ አስረዳኝ። የጥንቱን ዘመን የሚከፋፍሉት በፈረንጅ አገር ዛጎሎች ነው፤ የኛ ባሕር ደግሞ የራሱ ዛጎሎች ነበሩት፣ እዚያ የማይገኙ። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ብቻ የሚሠራ የዘመን ክፍል ያስፈልጋል። ክፍሉ የሚጀምረው አንድ ዓይነት ዛጎል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ካለበት የድንጋይ ንብርብር ላይ ነው።

"ዘመንም ቀበሌ አለው በለኛ!" አልኩት።

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ወደ ገደሉ ሲሄድ "ቀበሌ ደርሼ ልምጣ" ነበር የሚለኝ።

ንብርብሮቹን ከታች ወደ ላይ ይቆጥርና ዛጎሉ የወጣበትን ቁጥር እዛጎሉ ላይ በማርከር ይጽፍበታል። ደብተሩ ላይ ንብርብሮቹን እንጂ የትኛው ዛጎል ከየትኛው እንደወጣ ገና አልጻፈም። "ክረምት ላይ እገለብጠዋለሁ" ይል ነበር። ክረምቱን አላየውም።

አርባው ካለፈ በኋላ ልብሱ ታጥቦ ለነዳያን መሰጠት ነበረበት። ግቢ የምንጋራት ሶማሌ ጎረቤቴ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች። ሸሚዞቹን ስንጨርስ አልጋው ስር ያሉት የዛጎል ካርቶኖች ታዩኝ። አቧራ ለብሰዋል። "የሱ ናቸው፣ እንዲህ ሆነው አይቀመጡም" አልኳት። ሁለት ጀሪካን ውሃ ለድንጋይ! እሷ "ሀዬ"፣ እሺ ብቻ ብላ ብሩሽ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። በኦሞና በበረኪና አንድ በአንድ ፈተግናቸው። ቁጥሩን ሲጽፍ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም አልነበረም። ውሃው ሲጠቁር ቆሻሻ መስሎኝ ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።

ከወራት በኋላ የሥራ ባልደረባው ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራውን ጨርሶ በባሌ ስም ሊያሳትምለት ነው። ካርቶኑን ከፈተ፣ አንዱን አንስቶ አገላበጠው። ሌላ አነሳ።

"እህቴ፣ ታጥበዋል እንዴ?"

"አዎ፣ በደንብ አድርጌ።"

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ግድ የለም፣ ሌላውን እንደገና እንለቅማለን" አለ። "እሱ በስልክ እንደነገረኝ ግን የክፍሉ መጀመሪያ ሰባተኛው ንብርብር ነው፤ ከዚያ የወጣችው አንዲት ዛጎል ብቻ ናት። ቦታውን ደግሞ ጎርፍ ይዞት ሄዷል። ቁጥሯ ያለባት ብትገኝ ሥራው ይሞላ ነበር።"

ሻይ ላፈላ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። እዚያ ናት፤ የበርበሬ ዕቃዬ ክዳን ላይ። አንድ ቅዳሜ ከኪሱ አውጥቶ "ይቺ ናት መጀመሪያዋ" ሲለኝ፣ "ለማይገጥመው ክዳኔ መጫኛ ትሆነኛለች" ብዬ ቀምቼው ነበር። ቁጥሯ ደብተር ላይ እስኪገለበጥ ትቀመጥ ብሎ ተወልኝ። ሰባት ቁጥሩ እንዳለ ነው፣ እሱ እንደሚጽፈው ወገቡ ላይ ሰረዝ አለበት። ዳሯ ላይ ደግሞ እንቁላል ሲጠብስ በበርበሬ እጁ ሲያነሳት የቀረ፣ የአውራ ጣቱ ቀይ ምልክት አለ።

"ብትገኝ ለኔ ትመልሷታላችሁ?" አልኩት ሻዩን እያስቀመጥኩ።

"አይ፣ እንዲህ ያለው ሙዚየም ነው የሚቀመጠው። ጸድታ፣ ተመዝግባ።"

"ሁሉንም አጥቤአቸዋለሁ" አልኩት።

ጽሑፉ ወጣ፤ ላከልኝ። የባሌ ስም ከላይ አለ። ክፍሉ የሚጀምርበት ንብርብር በእርግጠኝነት አልታወቀም ይላል። ያን ሁሉ ዓመት የለፋበትን ሥራ ያጎደልኩበት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ ብዬው አላውቅም። በርበሬ ባወጣሁ ቁጥር ግን ያቺን ድንጋይ የማነሳት በሌላው ጎኗ ነው፤ የሱ ጣት ያረፈበትን እንዳልነካው።