የወለሉ ወፍጮ የጠጣው ውሃ

ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ምንም አልጠቀመኝም። በዚያ በጋ ግን መላው ደብረ ማርቆስ እንደ እኔ ሆኖ ነበር። ጣልያን በየጉብታው ላይ ይገነባል፣ የጭነት መኪናው በሉማሜ በኩል አቧራውን እያስነሳ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ አንድ ጆሮውን አርበኛ ወዳለበት ጫካ አቅንቶ ያድራል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ የአባቴ ተዝካር።

አባቴ ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰና ሞተ። አርባው እየቀረበ ነበር። እናቴ የፈለገው ይምጣ፣ ተዝካሩን ሳላወጣ አልቀርም ብላለች። እህሉ አለ፣ ጌሾውና ብቅሉም አለ፣ የጠላው ድፍድፍ ደርሷል። የቀረው ውሃ ሞልቶ ጋኑን መክደን ብቻ ነው። የጠፋው ያ ውሃ ነው።

ምንጫችን በበጋ እንደ ልማዱ ቀጥኗል። በዚያ ላይ ጣልያን አስካሪ ወታደሩን አቁሞበታል፤ መጀመሪያ ለግንባታው ይቀዳል፣ የተረፈውን ሕዝቡ ይሻማበታል። ወደ ግንባታው ውሃ ከሚያመላልሱት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ በጀርባዬ ለሰው ወለል ውሃ ስሸከም እውልና ቤቴ ስገባ ባዶ እንስራ ይጠብቀኛል። ንዴቱ ዛሬም ጥርሴን ያስነክሰኛል።

ወለሉ ሲሚንቶና የእብነ በረድ ስብርባሪ ተደባልቆ የፈሰሰበት ነው። ከደረቀ በኋላ እስኪለሰልስ በመፍጫ መኪና ይፈጫል፤ እኛ መኪናውን «የወለሉ ወፍጮ» እንለዋለን። ሞተሩ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ይሽከረከራል፣ ውሃም ሳያቋርጥ ይፈስለታል። ውሃ ካነሰው ድንጋዩ ይግልና ወለሉን ያጠቁረዋል፤ ከበዛለት ደግሞ እጣቢው ክፍሉን ያጥለቀልቅና የተፈጨውን ካልተፈጨው መለየት ያቅታል። እጣቢው ግራጫ፣ ወፍራም፣ እጅ የሚልጥ ነበር። በእንጨት እየገፋን ውጭ ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ እናወርደዋለን።

አንድ ቀን እንስራዬን አውርጄ ወደ ጉድጓዱ ባይ፣ አተላው ከታች ተኝቷል፣ ከላይ ያለው ውሃ ጠርቷል። ልክ እንደ ጠላ። ሆዴ ነገር አያሳድርምና ወዲያው አስተርጓሚው ዘንድ ሄድኩ።

«ጌታዬ፣ ይህን የጠራውን እየጨለፍን ለወፍጮው ብንመልስለትስ? ከምንጭ የምናመጣው በግማሽ ይቀንሳል።»

የሠራተኛው አለቃ፣ ጣልያኑ ካቦ፣ ሲተረጎምለት ጉድጓዱን በእንጨት ነካ ነካ አደረገና ሳቀ። ሌላ ሁለት ጉድጓድ አስቆፈረን፤ እጣቢው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ መጨረሻው ላይ ጠርቶ ይደርሳል። ሥራው ሰመረ። ደስታዬን ማን ይቻለው! ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ምንጩ ሊለቀቅልን ነው፤ እጣቢውን አጠራነው!»

«እንዴት አድርጋችሁ?»

«አተላው ሲተኛ ከላይ የጠራውን መቅዳት ነዋ።»

«ለቀባሪው አረዱት» አለችና ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ካቦው ግን ውሃ መትረፉን ሲያይ ምንጩን አልለቀቀም፤ ሁለተኛ ወፍጮ በጭነት መኪና አስመጣ። አሁን የሚጠጡት ሁለት ሆኑ። አስካሪውም ከምንጩ ንቅንቅ አላለም። መንገድ ለመንገድ ብቻዬን እየተሳደብኩ እመላለስ ጀመር። ድፍድፉ ከዚህ በላይ ቢቆይ ይሆመጥጣል፤ አርባው ደግሞ ለማንም አይቆምም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጋኑ ተከድኖ፣ አፉ በጭቃ ተመርጎ አገኘሁት። እናቴ እጇን ትጠራርጋለች።

«ውሃ ከየት አገኘሽ?»

«ካንቺ ጉድጓድ ነዋ። ሠራተኛው ሲበተን ሄጄ ቀዳሁ።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ የሲሚንቶ ውሃ ነው!»

«ጠርቷል አላልሽም? ትንሽ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ጌሾው ይጫነዋል።»

እናቴ በሰፈሩ የታወቀች ጠላ ጠማቂ ናት። ዕድሜዋን ሁሉ የተኛ አተላና የጠራ ውሃ ዋሽቷት አያውቅም፤ ይኸኛው እንደሚዋሻት በምን ትወቀው? ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ጆሮዬን ጋኑ ላይ እለጥፋለሁ። ጠላ ሲፈላ ጋኑ ያጉረመርማል፤ የእኛ ዝም አለ። በአርባው ዋዜማ ስትከፍተው እንደ ታጠበ አመድ ሸተተን። ጓሮ አስገልብጣ አስደፋችኝ።

«ነገ የሰው ፊት እንዴት ብዬ አያለሁ?» አለችና ደፉ ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ፣ በአርባው ዕለት ጠዋት፣ እንደ ልማዴ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ተራ ለሚጠብቁት ሴቶች፣ አስካሪው በማይሰማበት ድምፅ፣ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። እንደ ወትሮው ለግንባታው ቀዳንና ተሰልፈን ሽቅብ ወጣን። በእኛ ደጅ ስናልፍ ፊት ፊት የምትሄደው ጠና ያለች ሴት ታጠፈች።

«ወፍጮው ዛሬ ይጹም» አለችና እንስራዋን እናቴ ጋን ውስጥ ገለበጠችው።

ሌሎቹም ተከተሏት። ጋኑ ሲሞላ ከጉብታው ላይ የወፍጮዎቹ ጩኸት ደረቀ፤ ከዚያ ተቋረጠ። ካቦው በኋላ ሁላችንንም እየተሳደበ አባረረን፤ ያን ቀን ግን ቤታችን ድረስ የመጣ አልነበረም።

ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ማዕድ ቀረበ። እናቴ ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ የነፍስ አባታችን ፊት ቆመች።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ። ጠላ የለኝም፤ ውሃ ነው።»

«ውሃስ የእግዜር አይደለም?»

«ባሌም የለመነኝ ውሃ ነበር» አለች። «ንዳዱ ሲያቃጥለው ውሃ አምጪልኝ አለኝ። እቤት ጠብታ አልነበረም። ምንጭ ወርጄ ግንባታው ይቅደም ተብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ስመለስ አልፎ ነበር።»

ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። እኔ ያን ዕለት ከዚያው ምንጭ ወደ ግንባታው ስሸከም ነው የዋልኩት፤ ተራ ከሚጠብቀው ሕዝብ መሃል እሷን ልብ አላልኳትም።

የነፍስ አባታችን ዋንጫውን ተቀብለው ባረኩት። እስከ መጨረሻው ጠጡና መልሰው ዘረጉላት።

«ድገሚኝ» አሏት።