በልክ የተሰፋው ድንኳን

ልብስ ሰፊዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትሰፋ ኖራ ድንኳን ሰፍታ አታውቅም፤ ድንኳን ውስጥ አድራም አታውቅ። ልጇ ግን «እማ፣ አንድ ቀን ሜዳ ላይ እንደር» እያለች ስትወተውታት ልቧ ሸፈተ። አውቶቡስ ነጂው ባሏ ብቻ ተኮሳተረ።

«አልጋ እያለኝ መሬት? እሺ፣ አንዴ እሞክረዋለሁ። ካልተመቸኝ ግን ሁለተኛ እንዳታነሡብኝ!»

እሷም ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ባሏንና ልጇን አቁማ ለካች፤ የራሷንም ጨመረች። ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ገዝታ፣ የሦስቱን ትከሻ ደምራ ቆረጠች።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ወንዝ ዳር ሲተክሉት ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ገብተው ጋደም ሲሉ ግን ጉድ ፈላ። ለካስ የሰፋችው እንደ ኮት ነው! ትከሻ ለትከሻ ስለተጣበቁ አንዱ ካልዞረ ሌላው መዞር አይችልም።

«አንቺ ሴት፣ ድንኳን አለበስሽኝ እኮ!» አለ ባሏ።

«በልክህ ነው» አለች፣ አለቀልን ብላ እየሰጋች።

እሱ ግን በሾፌር ድምፁ «ተሳፋሪዎች፣ ወደ ግራ እንታጠፋለን!» ብሎ አወጀ። ሦስቱም ባንድ ላይ ተገለበጡ፤ ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች። እንዲሁ በየኩርባው ሲስቁ አደሩ።

ጠዋት ባልየው ወገቡን እያሸ ወጣና ድንኳኑን ዞሮ አየው። «ለሚቀጥለው ትንሽ ማስፋት ይቻላል?»

«ለሚቀጥለው» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ጣፈጠ። የስፌቱን ጠርዝ ገልበጥ አድርጋ አሳየችው፤ እንደ ልጆች ልብስ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ትታበታለች።

«ታድጋላችሁ ብዬ ነዋ!» አለችው።