ከአንገቱ ያልወረደው ድንጋይ

በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቁርስ ከምበላበት ሻይ ቤት ተይዤ ታሰርኩ። ምክንያቱ አልተነገረኝም። ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መስኮት የለውም፤ የማዳበሪያው ሽታ ዓይን ያቃጥላል።

"ይኸኛው ደግሞ ምንድን ነው?" አለ የክፍሉ ካቦ፣ እስረኞቹ አለቃ አድርገው የመረጡት የአይሱዙ ሹፌር።

"ጋዜጠኛ ነኝ።"

"ጆሮ ጠቢ ነኝ በለና! ሂድ፣ በሽተኛው ጋ ተኛ።"

በሽተኛው ብርድ በሚገባበት በር ሥር የተኙ ሽማግሌ ነበሩ። ሆዳቸው ተነፍቷል፤ የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኗል። ወደዚያ የገፏቸው ይጋባል ብለው የፈሩ እስረኞች ናቸው።

"አይጋባም፤ ጉበት ነው" አሉኝ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ እየለቀቁልኝ። "ሐኪሙ ለልጄ ነገረው። ልጄ ፊቱን አዙሮ ሲያለቅስ እኔም ገባኝ።"

ከቁይ አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው። በአገራቸው ደም ሲፈስ የሚያስታርቁ እሳቸው ነበሩ። የታሰሩትም በዚሁ ሥራ ላይ እያሉ ነው። የሆነውን ከእሳቸውና አብረዋቸው ከተያዙት ሁለት ሰዎች ለየብቻ ጠይቄያለሁ፤ ሦስቱም የነገሩኝ አንድ ነው።

ከሁለቱ አንዱ በእርሻ ድንበር ጠብ የሌላውን ወንድም ገድሏል። የተፈረደበትን ጨርሶ ወጥቷል፤ ደሙ ግን አልታረቀም። በአገሩ ወግ ገዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይንበረከካል፤ ድንጋዩን የሚያወርደው የሟች ወገን ነው። እስኪወርድ ድረስ ዕርቅ የለም። ሽማግሌው ሁለቱን ቤተሰቦች ብዙ ለምነው ሜዳ ላይ አገናኟቸው። ገዳዩ ተንበርክኮ፣ የሟች ወንድም ገና እጁን ሳይዘረጋ፣ ወታደሮች ደረሱ። ሕገ ወጥ ስብሰባ ነው ተባለ። ድንጋዩን አንድ ወታደር በእግሩ ገፍቶ ጣለው።

"ያወረድኩት እኔ አይደለሁም" ይል ነበር የሟች ወንድም፣ ከመጋዘኑ ወዲያኛው ጥግ። "ወታደሩ ነው ያወረደልህ። ሂድ፣ ከወታደሩ ጋር ታረቅ! እኔና አንተ ስንፈታ እንገናኛለን።"

 ሌላው እስረኛ ሁሉ ይስቃል።

"ይገድለዋል" አሉኝ ሽማግሌው። "ከዚያ የዚህኛው ወንድሞች እሱን ይገድሉታል። እኔ ካለፍኩ ሁለቱም ወገን እሺ የሚለው ሰው የለም።"

ሐሙስ ጠዋት በሩ ተከፈተና ዘበኛው በጫማው ነካ አደረጋቸው። "ሽማግሌ፣ ተነስ። መኪና መጥቷል፤ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ።"

"ትንሽ ቆየኝ፣ ልጄ። ሥራ አለብኝ።"

"የምን ሥራ? ጤፍ ልታጭድ ነው?"

እሳቸው ገዳዩን በእጃቸው ጠሩት። መጋዘኑ ውስጥ ድንጋይ የለም። ሃያ ሊትር ውሃ የሞላውን ጀሪካን አሳዩት።

"የመጠጥ ውሃችንን!" ብሎ ካቦው ጮኸ።

"አይደፋም" አሉ ሽማግሌው። ገዳዩ ጀሪካኑን አንገቱ ላይ አድርጎ በሟች ወንድም ፊት ተንበረከከ። የሟች ወንድም ፊቱን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ አዞረ። ጀሪካኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ሰውየ፣ መኪናው ይሄዳል" አለ ዘበኛው።

"ይሂድ።"

"ትሞታለህ እኮ!"

"መኪናውም የሚያደርሰኝ እዚያው ነው።"

አሁን የሳቀ የለም። የሟች ወንድም ሳይዞር፣ "ይሂዱ ይታከሙ፣ አባቴ" አለ። "ኋላ ሽማግሌውን እሱ ገደላቸው ልባል ነው?"

"እንዳትባል ከፈለግህ እጅህ ቅርብ ነው።"

"ይሄ ማስገደድ ነው!"

"ነው። ጊዜ ቢኖረኝ እለምንህ ነበር።"

ውጭ የመኪና ሞተር ተነሳ። ዘበኛው ወጥቶ በሩን ቆለፈ፤ ድምፁ ሲርቅ ሁላችንም ሰማን። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ከሁለቱ ላይ አልነቀሉም። የገዳዩ ክርኖች ወለሉን ነኩ፤ ጀሪካኑን ግን አልለቀቀም።

የሟች ወንድም በድንገት ዞሮ ጀሪካኑን ከአንገቱ ላይ ነጠቀና ወለሉ ላይ ጣለው። ክዳኑ ተስፈንጥሮ ውሃው ልብሴን አራሰው።

"ለእሱ ብዬ አይደለም!" አለ።

"ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩህም።"

ገዳዩ እንደ ወጉ ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል፣ "እንዳትነካኝ!" አለው። ሽማግሌው በዚህ አልተከራከሩም። ድንጋዩ መውረዱን፣ ደሙም መድረቁን በዚያ መጋዘን ለነበርነው ሁሉ ተናገሩ፤ እኔንም፣ "አንተ ምስክር ነህ" አሉኝ። ከዚያ ካቦው ጀሪካኑ ውስጥ ከተረፈው ውሃ ቀዳ፤ ኩባያውን ተንበርክኮ ሰጣቸው።

መኪናው ተመልሶ የመጣው በማግሥቱ ነው። ሽማግሌው ቅዳሜ ሐኪም ቤት ውስጥ አረፉ።

ከተፈታሁ በኋላ ሽማግሌውን ያከመውን ሐኪም አግኝቼ፣ አንድ ቀን ቀድመው ቢደርሱ ምን ይለወጥ እንደነበር ጠየቅሁት። "ሕመሙን እናስታግስላቸው ነበር" አለኝ። ያ መልስ ዛሬም አብሮኝ አለ።

ሁለቱም ሰዎች ተፈትተዋል። ዘንድሮ አጨዳ ላይ ቁይ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ሁለቱም በሕይወት አሉ። አንደኛው የሚወጣበት ገበያ ግን ሌላው አይወጣም።